ወደ መኖሪያነት ለተለወጠ ቤት ብሮድባንድ ማስገባት፦ በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ የአሠራር መመሪያ

በእንግሊዝ አገር የሱቅ ፎቅ፣ የቢሮ ወለል ወይም የእህል ጎተራ ወደ መኖሪያነት ሲለወጥ፣ አለዚያም አንድ ሰፊ ቤት ለሁለትና ለሦስት ሲከፈል፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ውኃው፣ ስለ ጋዙና ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ብሮድባንዱን ግን «ከገባን በኋላ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ነው» ብሎ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ዕቃው ገብቶ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ በኢንተርኔት አቅራቢው ገጽ ላይ ፖስት ኮዱን ሲያስገባ ከሚወጣለት የአድራሻ ዝርዝር ውስጥ የራሱን ቤት ያጣዋል። ከታች ያለው ሱቅ አለ፣ የጎረቤቱም ቤት አለ፣ የእሱ ግን የለም። ስልክ ቢደውልም የሚያነጋግረው ሠራተኛ ከፊቱ ያለው ያው ዝርዝር ስለሆነ፣ ከይቅርታ በስተቀር የሚሰጠው ነገር አይኖርም።

ይህ ችግር በአብዛኛው የገመድ ሳይሆን የመዝገብ ችግር ነው። ፋይበሩ (ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን ገመድ) በደጃፍዎ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቤትዎ በትክክለኛው መዝገብ ላይ በትክክለኛው አጻጻፍ እስካልሰፈረ ድረስ ማንም አቅራቢ ትዕዛዝዎን ሊቀበል አይችልም። አገር ቤት «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ አረንጓዴው በር» ተብሎ ሰው ይገኛል፤ እዚህ ግን በመዝገብ ያልሰፈረ ቤት፣ ቴክኒሻኑ በሩን እያንኳኳ ቢሆን እንኳ፣ ለኮምፒውተሩ የለም። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት የፕላኒንግ ፈቃዱ በተገኘበት ሳምንት ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሕንጻ ደንቦቹም የኢንግላንድ ናቸው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

1. ቤቱ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረ ለይተው ይነሡ

የሥራው ቅደም ተከተል ለሁሉም አንድ ቢሆንም እንቅፋቱ የሚያጋጥምበት ቦታ እንደ ቤቱ የቀድሞ ማንነት ይለያያል። አንድ ቤት ተከፍሎ ፍላቶች ከወጡት ዋናው አድራሻ በመዝገብ አለ፤ የጎደሉት የፍላቶቹ ቁጥሮች ናቸው። ሱቅ ወይም ቢሮ የነበረ ከሆነ፣ በተለይም ከኦገስት 2021 ጀምሮ የንግድ ቦታን ያለ ሙሉ የፕላኒንግ ማመልከቻ ወደ መኖሪያነት ለመለወጥ በሚያስችለው «ክላስ ኤም ኤ» በሚባለው ሥርዓት የተለወጠ ከሆነ፣ አድራሻው በንግድ ድርጅት ስም ተመዝግቦ ስለሚገኝ አቅራቢው የቤት ሳይሆን የንግድ ውል ሊያቀርብልዎ ይችላል። የእህል ጎተራ ወይም የከብት ማደሪያ ከነበረ ደግሞ ከነጭራሹ አድራሻ ኖሮት ላያውቅ ይችላል፤ ገመዱም ሩቅ ነው።

ጋራዥ ወይም የጓሮ ክፍል ለውጠው የቤተሰብ አባል የሚያኖሩበት ከሆነና ዋናው ቤት የእርስዎ ከሆነ፣ ቀሪውን መመሪያ ማንበብ ላያስፈልግዎ ይችላል። ከዋናው ቤት ራውተር ከመሬት በታች ለመቅበር የተሠራ «ካት 6» የሚባል የውጭ የኔትወርክ ገመድ በቱቦ ውስጥ መሳብ ይበቃል። ርቀቱ ከ100 ሜትር ማለፍ ግን የለበትም፤ ካለፈ በመዳብ ፈንታ ፋይበር ይጠቀሙ።

2. አድራሻውን ያስመዝግቡ

ብዙ ጊዜ የሚባክነው በዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንመልከተው።

ለአንድ ቤት ስምና ቁጥር የመስጠት ሥልጣን ያለው የአካባቢው ካውንስል ነው፤ ይህንንም የሚሠራው «ስትሪት ኔሚንግ ኤንድ ነምበሪንግ» የሚባለው ክፍል ነው። በለንደን ይህ ሥልጣን የሚመነጨው በ1939 ከወጣ የሕንጻ ሕግ ነው። የቤቱ ደላላ ወይም ተቋራጩ በሩ ላይ የለጠፈው «ፍላት ኤ» የሚል ጽሑፍ አድራሻ አይደለም። የፕላኒንግ ፈቃድ ማግኘትም፣ የካውንስል ታክስ መክፈል መጀመርም፣ ቤቱ ለዚህ ክፍል ተመዝግቧል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ካውንስሉ ያውቀኛል» ብሎ ስለሚያምን ነው። ካውንስሉ የሚያውቅዎት በአንዱ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ክፍል ግን ስለ እርስዎ ሰምቶ አያውቅም።

ማመልከቻው የሚጠይቀው የቦታውን ፕላን፣ የእያንዳንዱን ወለል ንድፍ፣ የፕላኒንግ ፈቃዱን ቁጥርና ክፍያ ነው፤ የክፍያው መጠን ከካውንስል ካውንስል ይለያያል። በወለሉ ንድፍ ላይ የእያንዳንዱ ፍላት መግቢያ በር የት እንደሆነ በግልጽ ያመልክቱ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በሱቅ ላይ ለተሠሩ ፍላቶች ወሳኝ ነው፤ ሱቁ በዋናው መንገድ ላይ ሆኖ የፍላቱ በር በጎን ባለው ጠባብ መንገድ ሊሆን ይችላልና። አድራሻው በሩ ያለበትን መንገድ ተከትሎ ካልተሰጠ፣ ቴክኒሻኑም፣ ፖስተኛውም፣ አምቡላንሱም ሱቁ ፊት ለፊት ቆመው ይቀራሉ።

ካውንስሉ ማመልከቻውን ሲያጸድቅ ቤቱ «ዩ.ፒ.አር.ኤን» የሚባል እስከ 12 አኃዝ የሚደርስ መለያ ቁጥር ያገኛል። ይህ ቁጥር የቤቱ የመታወቂያ ቁጥር ነው ቢባል ይቀላል፤ የመንገዱ ስም ቢለወጥ፣ የፍላቱ ቁጥር ቢቀየር፣ እሱ አይቀየርም። ካውንስሉ በደብዳቤው ላይ ካልጻፈልዎ ይጠይቁ፤ ወይም «ፋይንድ ማይ አድሬስ» በሚባለው የሕዝብ አገልግሎት ላይ ራስዎ ይፈልጉት። ኋላ ላይ ከአቅራቢ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ የሚያግባባችሁ ይህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሮያል ሜይል ነው። ፖስት ኮድ የሚሰጠው ካውንስሉ ሳይሆን ሮያል ሜይል ሲሆን፣ «ፓፍ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአድራሻ መዝገቡም በአገሩ ያሉ አብዛኞቹ ድርጅቶች ፖስት ኮድ ሲያስገቡ የሚያወጡት ዝርዝር ምንጭ ነው። ካውንስሉ አዲሱን አድራሻ ለሮያል ሜይል ያሳውቃል፤ ነገር ግን አድራሻው በመጀመሪያ የሚገባው «ኖት የት ቢልት» ማለትም ገና ያልተጠናቀቁ ቤቶች በሚቆዩበት መዝገብ ውስጥ ነው። ሕንጻው መጠናቀቁን አንድ ሰው እስኪያሳውቅ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ብዙ ቤቶች ሰው ገብቶባቸው፣ ልጅ ተወልዶባቸው እንኳ፣ በሮያል ሜይል ዘንድ ገና እንዳልተሠሩ የሚቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲጠናቀቅ ራስዎ ለሮያል ሜይል የአድራሻ ክፍልና ለካውንስሉ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የላኩትንም ያስቀምጡ።

ለተከፋፈሉ ቤቶች ሌላም ወጥመድ አለ። ሦስት ፍላቶች በአንድ የውጭ በርና በአንድ የደብዳቤ ቀዳዳ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ሮያል ሜይል ዋናውን ቤት ብቻ በፓፍ ላይ ይዞ ፍላቶቹን «መልቲፕል ሬዚደንስ» በሚባል ሌላ መዝገብ ሊያሰፍራቸው ይችላል። ይህ ለፖስተኛው በቂ ነው፤ ፓፍን ብቻ የሚያነብ አቅራቢ ግን ፍላቶቹን አያያቸውም። ለእያንዳንዱ ፍላት የራሱ የደብዳቤ ሣጥን እንዲኖር ማድረግ፣ ወጪው ጥቂት ሆኖ፣ ይህን ጣጣ ከመነሻው የሚያቃልል መፍትሔ ነው።

በመጨረሻም የገመዱ ባለቤት የራሱ መዝገብ አለው። በአገሪቱ ትልቁን መረብ የሚያስተዳድረው ኦፕንሪች አድራሻዎችን «ወርቅ» እና «ብር» ብሎ ይለያቸዋል፤ ወርቅ የሚባለው ከፖስታው መዝገብ ጋር የተመሳከረ ሲሆን ብር የሚባለው ገና ያልተመሳከረ ነው። በብር ደረጃ ላይ ያለ አድራሻ ትዕዛዙን ሊያደናቅፍ ይችላል። በአንዱ መዝገብ የሰፈረ አድራሻ ወደ ሌላው እስኪሸጋገር ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ በካውንስሉ፣ በሮያል ሜይልና በአቅራቢው ዘንድ ያለውን አጻጻፍ ጎን ለጎን ጽፈው ያመሳክሩ። አንዱ «ፍላት 1»፣ ሁለተኛው «ፍላት ኤ»፣ ሦስተኛው «የመጀመሪያው ፎቅ ፍላት» የሚል ከሆነ፣ ለእርስዎ አንድ ቤት ቢሆንም ለኮምፒውተሩ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም የካውንስሉን አጻጻፍ እንዲከተሉ ይጠይቁ።

3. በአካባቢው ማን እንዳለ ይመርምሩ

የአድራሻው ጉዳይ በሂደት ላይ ሳለ በመንገድዎ የማን መረብ እንደሚያልፍ ይወቁ። የራስዎ አድራሻ ገና ስለማይወጣ በግራና በቀኝ ባሉት ጎረቤቶች አድራሻ ይፈትሹ፤ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው የኦፍኮም መፈተሻ ለዚህ ይረዳል። ኦፕንሪች የቢቲ ቡድን አካል ቢሆንም አገልግሎቱን በቀጥታ ለነዋሪ አይሸጥም፤ የሚሸጡት ገመዱን የሚከራዩት አቅራቢዎች ናቸው። ቨርጂን ሚዲያ የራሱ መረብ አለው። በሃል ከተማ መረቡ በታሪክ የኬኮም ነው። በለንደንና በሌሎች ከተሞች ደግሞ እንደ ኮሙኒቲ ፋይበር፣ ሃይፐርኦፕቲክና ሲቲፋይበር ያሉ የራሳቸውን ፋይበር የዘረጉ ድርጅቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸውን የአድራሻ ዝርዝር ስለሚይዙ፣ አንዱ «አላውቅዎትም» ሲል ሌላው ሊያውቅዎት ይችላል፤ በአንዱ መልስ ተስፋ አይቁረጡ።

በእግር ወጥቶ ማየትም አይናቅ። በእግረኛ መንገዱ ላይ ያሉትን የብረትና የኮንክሪት ክዳኖች ይመልከቱ፤ «ቢ.ቲ.» ወይም «ሲ.ኤ.ቲ.ቪ» (የኬብል ቴሌቪዥን) የሚል ምልክት የየትኛው መረብ ቱቦ ከሥር እንዳለ ይነግርዎታል። በአቅራቢያው የእንጨት ምሰሶ ካለና ከእሱ ወደ ጎረቤት ቤቶች ቀጫጭን ገመዶች የሚሄዱ ከሆነ፣ ወደ እርስዎም በአየር ላይ ሊሳብ ይችላል፤ ይህም ከመቆፈር ይረክሳል።

በግድግዳው ላይ አሮጌ የስልክ ሶኬት ስላለ ብቻ «መስመር አለኝ» ብለው አይተማመኑ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በአሮጌው የመዳብ ሥርዓት ላይ አዲስ የስልክ መስመር አይሸጥም፤ ሥርዓቱም በጃንዋሪ 2027 መጨረሻ እንዲዘጋ ቀን ተቆርጦለታል። ቢሆንም አሮጌውን ገመድ ለመቁረጥ አይቸኩሉ። በተከፋፈለ ቤት ውስጥ ያ ገመድ የጎረቤትዎ ሊሆን ይችላል፤ እስከ ዋናው ሶኬት ድረስ ያለው ገመድም የእርስዎ ሳይሆን የመረቡ ባለቤት ንብረት ነው።

4. ግድግዳው ሳይለሰን የሚሠራውን ይሥሩ

በኢንግላንድ ከዲሴምበር 26 ቀን 2022 ጀምሮ አዳዲስ የሚሠሩ ቤቶች ጊጋቢት ለሚባለው እጅግ ፈጣን ብሮድባንድ ዝግጁ እንዲሆኑ የሕንጻ ደንቡ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ የተጣለው ከመሠረቱ በሚሠሩት ላይ ነው፤ የቆየ ሕንጻ ወደ መኖሪያነት ሲለወጥ ይህ ግዴታ ተቋራጩን አይመለከትም። ስለዚህ እርስዎ ካልጠየቁት አያደርገውም፤ ልስኑ ከደረቀ በኋላ ግድግዳ መፈልፈል ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ልብ ያደክማል።

ከውጭ ይጀምሩ። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ይዞታዎ ወሰን ድረስ የሚቆፈር ቦታ ካለ፣ የውኃው ወይም የፍሳሹ ጉድጓድ ክፍት ሳለ የቴሌኮም ቱቦ አብረው ይቅበሩ። በእንግሊዝ አገር የተቀበሩ ቱቦዎች በቀለም ይለያሉ፦ ለቴሌኮም ግራጫ፣ ለኬብል ቴሌቪዥን አረንጓዴ፣ ለውኃ ሰማያዊ፣ ለጋዝ ቢጫ፣ ለኤሌክትሪክ ጥቁር ወይም ቀይ። የተሳሳተ ቀለም ከቀበሩ የሚመጣው ቴክኒሻን ገመዱን ላለማስገባት በቂ ምክንያት ይኖረዋል። ከቱቦው በላይ የሚኖረው አፈር በግቢና በእግረኛ መንገድ ወደ 350 ሚሊሜትር፣ መኪና በሚያልፍበት ደግሞ ወደ 600 ሚሊሜትር ይሁን፤ ትክክለኛውን የቱቦ ዓይነት ግን ከመግዛትዎ በፊት ከመረቡ ባለቤት ያረጋግጡ። ማጠፊያዎቹ ሰፋ ያሉ ይሁኑ፤ ፋይበር በጠባብ ማዕዘን ሲታጠፍ ብርሃኑ ይጠፋል። በቱቦው ውስጥ የመሳቢያ ገመድ አስገብተው ሁለቱን ጫፎች ይቋጥሩ፤ ጉድጓዱ ከመሞላቱ በፊትም ሜትር አስደግፈው ፎቶግራፍ ያንሱ። ይህ ፎቶግራፍ ከሁለት ዓመት በኋላ አጥር ሲተክሉም ይጠቅምዎታል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ፋይበሩ የሚያርፍበትን ቦታ ይወስኑ። ከውጭ የሚመጣው ፋይበር የሚያበቃው «ኦ.ኤን.ቲ» በሚባል ትንሽ ሣጥን ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ራውተሩ አጭር ገመድ ይሄዳል። ሁለቱም የየራሳቸውን ኤሌክትሪክ ስለሚፈልጉ በቦታው ቢያንስ ድርብ ሶኬት ይኑር። ተቋራጮች ይህን ሁሉ ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው ጋር በደረጃው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ማጎር ይወዳሉ። ቦታው ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ለዋይ ፋይ ግን ክፉ ነው፤ በራውተሩ ዙሪያ ያለው ብረት የሬዲዮ ሞገዱን እዚያው ይውጠዋልና። ኦ.ኤን.ቲው እዚያ እንዲሆን የግድ ከሆነ፣ ራውተሩ የሚቀመጥበት የቤቱ መካከለኛ ቦታ ድረስ ካት 6 ገመድ ይሳቡ።

ካት 6 ገመዱን ከአንዱ ማዕከል ወደ እያንዳንዱ ዋና ክፍል፣ ቢቻል ሁለት ሁለት፣ ያስገቡ። ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር በአንድ ቀዳዳ አያስኬዱት። ሲገዙም ሙሉ የመዳብ ገመድ ይጠይቁ፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም በርካሽ ይሸጣል፣ ነገር ግን ይሰበራል፣ ኃይልም በአግባቡ አያስተላልፍም። የቀድሞዎቹ ጎተራዎች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አላቸው፤ የተለወጡ ቢሮዎችና ሱቆች ደግሞ የአልሙኒየም ወረቀት የለበሰ የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ይገባባቸዋል። ሁለቱም ዋይ ፋይን ያፍናሉ፤ የሞባይል ምልክትንም ያዳክማሉ። «ዋይ ፋይ ስላለ ገመድ ምን ያደርጋል» የሚል ተቋራጭ ካጋጠመዎት ሥራውን በትሕትና ግን በጽሑፍ ይዘዙት።

5. ፈቃድ የሚያስፈልገውን ይለዩ

የሕንጻው ሙሉ ባለቤት ከሆኑ ይህን ክፍል አልፈው መሄድ ይችላሉ፤ ሕንጻው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ግን በውጭው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ለመብሳትና ሣጥን ለመስቀል የካውንስሉ ልዩ ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ፍላቱን በሊዝ የያዙ ወይም የተከራዩ ከሆነ ገመዱ በጋራ ደረጃና በውጭ ግድግዳ ስለሚያልፍ የሕንጻው ባለቤት ለቴሌኮም ድርጅቱ «ዌይሊቭ» የሚባል የማለፊያ ስምምነት መፈረም አለበት። ደብዳቤውን ቀደም ብለው ይላኩ፤ በውስጡም የትኛው ድርጅት፣ በየት በኩል፣ ምን ዓይነት ሣጥን እንደሚሰቅል ይግለጹ። «ኢንተርኔት ላስገባ ነው» የሚል አንድ መስመር ለሚፈራ የሕንጻ ባለቤት በቂ አይደለም። ባለቤቱ ጨርሶ መልስ ካልሰጠ፣ በ2021 የወጣው በሊዝ የተያዙ ቤቶችን የሚመለከት የቴሌኮም ሕግ ድርጅቱ ወደ ፍርድ አካል እንዲሄድ መንገድ ከፍቶለታል፤ ያንን የሚያደርገው ግን ድርጅቱ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

6. ትዕዛዙን ይስጡ

አድራሻው በዝርዝሩ ላይ ከወጣ በድረ ገጽ ማዘዝ ይቻላል። ካልወጣ ግን በስልክ ይደውሉና «አዲስ አድራሻ ነው፤ ዩ.ፒ.አር.ኤኑ ይህ ነው፤ የመረቡ ባለቤት አድራሻውን እንዲፈጥር ጥያቄ ይላክልኝ» ይበሉ። የጥያቄውን ቁጥር፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ። ጥያቄው ሳይከፈት «በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞክሩ» ብሎ መሸኘት የተለመደ ነው፤ ቁጥር ሳይሰጥዎ ስልኩን አይዝጉ።

አሁን የምነግርዎ በራሴ የደረሰ ነው። ከሱቅ በላይ ለነበረው ቤቴ ሳዝዝ ስሙን የማልጠቅሰው የአንድ አቅራቢ ሠራተኛ «ለጊዜው የሱቁን አድራሻ እንጠቀም፣ በኋላ እናስተካክላለን» አለኝ፤ እኔም ተስማማሁ። ራውተሩ ሱቁ ደረሰ፣ በቀጠሮው ቀንም አዲስ መስመር በመዘርጋት ፈንታ የሱቁ መስመር ወደ ስሜ ተዛወረ። ባለሱቁ ካርድ መቀበያው ተቋርጦበት ቅዳሜን ሙሉ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲሸጥ ዋለ። ይቅርታ ለመጠየቅ ቡና ይዤ ወርጄ ነበር፤ ቡናውን ተቀብሎኛል፣ ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ቀድሞው አይደለንም። ስለዚህ «ቅርብ የሆነውን አድራሻ» የሚል ሐሳብ ከማንም ቢመጣ አይቀበሉ፤ ትዕዛዙም የነባር መስመር ርክክብ ሳይሆን አዲስ መስመር ዝርጋታ መሆኑ በማረጋገጫው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ማረጋገጫው ሲደርስዎ አድራሻውን በፊደል በፊደል ያንብቡ። ስህተት ካለ፣ በርቀት ለተደረገ ውል ሕጉ የ14 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ስለሚሰጥዎ ሳይዘገዩ ይሰርዙና እንደገና ያዝዙ፤ የተሳሳተ ትዕዛዝን ለማቃናት ከመታገል እንደ አዲስ መጀመር ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። ቴክኒሻኑ ከተለመደው ያለፈ ቁፋሮ ወይም ምሰሶ እንደሚያስፈልግ ካየ ተጨማሪ የግንባታ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ዋጋው አስቀድሞ እንዲነገርዎትና ካልተስማሙ ያለ ቅጣት መሰረዝ እንደሚችሉ ከማዘዝዎ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ።

7. የዝርጋታው ቀን

ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። ኤሌክትሪኩ በትክክል የሚሠራ መሆን አለበት፤ ቆጣሪው ገና ካልገባ ቀጠሮውን አስቀድመው ያዛውሩ። ሥራው አንዳንድ ጊዜ በሁለት ቀጠሮ ይከፈላል፦ በመጀመሪያው ፋይበሩ እስከ ውጭው ግድግዳ ይመጣል፣ በሁለተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ሣጥኑ ይሰቀላል። ቴክኒሻኑ ሲመጣ የቱቦውን ጫፍ፣ የመሳቢያ ገመዱንና የመረጡትን ቦታ ያሳዩት፤ ያነሡትንም ፎቶግራፍ ይስጡት። በግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመሮች የት እንዳለፉ መንገርም የእርስዎ ድርሻ ነው።

ከመሄዱ በፊት የኦ.ኤን.ቲውን መብራቶች አብረው ይመልከቱ። «ፖን» የሚለው አረንጓዴ መብራት ሳይርገበገብ መብራት አለበት፤ «ሎስ» የሚለው ቀይ ሆኖ ከበራ ብርሃኑ በፋይበሩ ውስጥ አልደረሰም ማለት ነው፤ እንዲህ እያለ ሥራው አላለቀም። ፍጥነቱን በዋይ ፋይ ሳይሆን ከራውተሩ ጋር በገመድ በተያያዘ ኮምፒውተር ይለኩ።

የቤት ስልክ የሚፈልጉ ከሆነ አሁን የሚሠራው በራውተሩ በኩል ነው፤ ስለዚህም መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል። ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፉ እናት ወይም በአንገት የሚንጠለጠል የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚጠቀም ሰው ካለ ይህን ለአቅራቢው ይንገሩ። በቤት ስልክ ብቻ ለሚተማመኑ ሰዎች መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጊዜ ጥሪ ማድረግ የሚችሉበትን መንገድ አቅራቢዎች እንዲያዘጋጁ ኦፍኮም ይጠብቃል።

8. እስከዚያ በሞባይል ይቆዩ

የአድራሻው ጉዳይ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ በየወሩ ሊቋረጥ የሚችል ሲም ያለው የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር ይያዙ። ለእሱ የቤቱ አድራሻ በመዝገብ መኖሩ ብዙም አያስፈልግም። ከመግዛትዎ በፊት ግን የጎረቤትን ወይም የጓደኛን ስልክ በእያንዳንዱ ኔትወርክ ሲም በቤቱ ውስጥ ይሞክሩ፤ በካርታ ላይ ጥሩ የሚመስል ምልክት በአልሙኒየም በተሸፈነ ግድግዳ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ራውተሩን በመስኮት አጠገብ ያኑሩት፤ አሁንም ደካማ ከሆነ የውጭ አንቴና የሚቀበል ዓይነት ይምረጡ።

9. ሥራው ከተቋረጠ

በገጠር ለተለወጠ ጎተራ ዋናው ጥያቄ ርቀት ነው። ከማርች 2020 ጀምሮ ማንኛውም ሰው ቢያንስ 10 ሜጋቢት የማውረጃና 1 ሜጋቢት የመጫኛ ፍጥነት ያለው አገልግሎት የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄው ለቢቲ፣ በሃል ደግሞ ለኬኮም ይቀርባል። የዝርጋታው ወጪ እስከ 3,400 ፓውንድ ድረስ ከእርስዎ አይጠየቅም፤ ከዚያ ያለፈውን ግን እርስዎ ይከፍላሉ። በተመጣጣኝ ዋጋ ይህን ፍጥነት የሚሰጥ የ4ጂ አገልግሎት በቦታው ካለ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል። በዙሪያዎ ያሉ ቤቶችም የሚፈልጉ ከሆነ አብረው ይጠይቁ፤ ወጪው ለብዙ ሲካፈል ይቀላል።

በከተማ ለዘገየ ሥራ ደግሞ የካሣ ሥርዓት አለ። ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ በሥርዓቱ የተሳተፉ አቅራቢዎች አገልግሎቱ በተነገረው ቀን ካልጀመረ በየቀኑ፣ ቴክኒሻኑም ከቀጠሮ ከቀረ በየጊዜው፣ ደንበኛው ሳይጠይቅ ካሣ ይከፍላሉ። ሲጀመር በቀን 5 ፓውንድ፣ ለቀረ ቀጠሮ 25 ፓውንድ የነበረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በዋጋ ንረቱ መጠን ከፍ እያለ መጥቷል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ቆጠራው የሚጀምረው አቅራቢው ካረጋገጠው ቀን ነው። አድራሻዎ ባለመገኘቱ ምክንያት ቀን ካልተቆረጠልዎ፣ ግማሽ ዓመት ቢጠብቁም የሚቆጠር ነገር የለም። በስልክ «በቅርቡ» ከመባል ይልቅ የተጻፈ ቀን እንዲሰጥዎ አጥብቀው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

አቤቱታ ሲያቀርቡ «ቅሬታ ነው» ብለው በግልጽ ይመዝገብልዎ፤ ያለዚያ እንደ ተራ ጥያቄ ይቆጠራል። አቅራቢው ካልፈታልዎ ወይም ከዚህ በላይ ማድረግ እንደማይችል በጽሑፍ ካሳወቀዎ፣ ጉዳዩን ኦፍኮም ወደ ፈቀደለት ገለልተኛ የሽምግልና አካል ያለ ክፍያ መውሰድ ይችላሉ። ጉዳዩ የአድራሻ ብቻ ከሆነ ግን ከአቅራቢው ጋር ከመጣላትዎ በፊት ወደ ካውንስሉና ወደ ሮያል ሜይል ተመልሰው ያመሳክሩ።

መስመሩ ከተገናኘ በኋላ ዩ.ፒ.አር.ኤኑን፣ የካውንስሉን ደብዳቤ ቁጥር፣ የኦ.ኤን.ቲውን መለያና ቱቦው የተቀበረበትን ፎቶግራፍ ቅጂ በአንድ ፖስታ አድርገው ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው አጠገብ ያስቀምጡ። ቤቱን ለሌላ ሲያከራዩ ወይም ሲሸጡ ፖስታው ከቁልፉ ጋር አብሮ ይሰጥ።